ምልክቱ የሚናገረው ለሚያውቅ ነው

በአውሮፓ የፒያኖ ታሪክ ውስጥ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ፒያኖ ተጫዋች በሕዝብ ፊት ሲቀርብ ኖታውን ዘርግቶ ይጫወት ወይስ በቃሉ? የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ክላራ ቪክ፣ በኋላ ክላራ ሹማን የተባለችው፣ በርሊን ላይ የቤትሆቨንን ሶናታ ያለ ኖታ ብትጫወት ድፍረት ነው ብለው የነቀፏት ነበሩ። ዘመን ሲለወጥ ነገሩ ተገለበጠና ኖታ ይዞ መቅረብ ያለመዘጋጀት ምልክት ሆነ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ደግሞ ታላቁ ስቪያቶስላቭ ሪክተር አዳራሹን አጨልሞ፣ በአንዲት መብራት ኖታውን እያየ መጫወትን መረጠ።

ይህ ጥያቄ የባዕድ ብቻ ይመስለን ይሆናል። የእኛ ሊቃውንት ግን ከአራት መቶ ዓመታት በላይ አብረውት ኖረዋል፤ የሰጡትም መልስ ከአውሮፓው የተለየ ነው።

ክቡራን አንባብያን፣ ከወረታ ወደ ወልድያ የተጓዘ ሁሉ ንፋስ መውጫን ያውቃታል። ለብዙው መንገደኛ ብርዷ የሚታወስ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ለዜማ ተማሪ ግን ጋይንት ማለት ሌላ ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባ በዚሁ ምድር ይገኛሉ። በሌላ አገር ድጓን የተማረ ሰው ትምህርቱን ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም ይሄዳል።

ዜማው በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ ነው። የምልክቱን ሥርዓት በተመለከተ ግን ዜና መዋዕሉ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) የተነሡትን አዛዥ ጌራንና አዛዥ ራጉኤልን ይጠቅሳል፤ የድጓን ምልክት ሠርተው ለተድባበ ማርያም ካህናት አስተማሩ ይላል። ዘመኑን ልብ እንበል። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ማግሥት ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ ካህናት አልቀዋል። እንደ እኔ አስተያየት ምልክቱን የወለደው ይህ ስጋት ነው። ሊቅ ሲሞት አብሮት የሚቀበረውን ዜማ ለማትረፍ የተዘየደ ብልሃት ነበር።

ይሁንና ብልሃቱ የቃል ትምህርትን አልተካም። ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች የድምፅን አካሄድ ያመለክታሉ። ከእነዚህ ሌላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ፤ ከአንድ የታወቀ የዜማ ቃል የተወሰዱ አንድ ወይም ሁለት ፊደላት በጽሑፉ ላይ በደቂቁ ይጻፋሉ። ዜማውን የተማረ ሰው ፊደሉን ሲያይ ያ ቃል በምን ዓይነት ዜማ እንደሚባል ትዝ ይለዋል። ያልተማረ ሰው ግን ፊደሉን ቢያነብም ዜማው አይወጣለትም። የአውሮፓው ኖታ ድርሰቱን ሰምቶ ለማያውቅ እንግዳም ቢሆን የድምፁን ከፍታና ርዝመት ይነግረዋል። የእኛ ምልክት የሚናገረው ለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ በቤተልሔም ሥርዓት መጽሐፍና ቃል አይጣሉም። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፣ ሌሊት በጨለማ የያዘውን ይከልሳል፣ ድጓውንም በገዛ እጁ ይገለብጣል። በማኅሌት ጊዜ መቋሚያና ጸናጽል የያዘ እጅ መጽሐፍ አይገልጥም፤ ያን ጊዜ የሚያገለግለው በልብ የተጻፈው ነው። መጽሐፉ ልብ ሲዘነጋ ዳኛ ይሆናል፤ መጽሐፉ ዝም ሲል ደግሞ መምህሩ ይናገርለታል።

በዩኒቨርሲቲ ስብሰባዎቻችን የተማሪዎቻችን ሽምደዳ የአብነት ትምህርት ቤት ውርስ ነው ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። አባባሉ ሙሉውን ሥርዓት ያላየ ነው። ያው በቃሉ ሲያጠና የኖረ ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ በየጊዜው አዲስ ቅኔ እንዲቆጥር ይጠየቃል፤ የሌላውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። በቃል መያዝ መሠረት ነበር እንጂ ጣሪያ አልነበረም። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት መሠረቱን ይዘን ጣሪያውን ረሳነው።

ከዚህ የሚከተለው የፖለቲካ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ተነሥተዋል። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የድጓ ፎቶግራፍ አይዘምርም። ዜማው የሚኖረው በሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እህል ይበላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን በመሬቷ ታኖራቸው የነበሩት መምህራን ግን ምን ይብሉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሸክሙ ይበልጡን የወደቀው ራሱ በተቸገረው የጋይንት ገበሬ ላይ ነው። ንፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነት እጅ ወድቃ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ መከራውን አራዘመው። የአብነት ተማሪ በእግሩ ከደብር ደብር የሚሄድ ነው። መንገድ ሲዘጋ የሚቋረጠው ጉዞው ብቻ አይደለም፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚሸጋገረው ቃልም ነው።

ይህን ቀድማ ያየችው ፒያኖ ተጫዋች መሆኗ ያስገርመኛል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (እ.ኤ.አ. 1923–2023) ጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች በየደጁ ተኝተው ሲያድሩ አይተው አዘኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያስቀረጹትም ችግረኞችን ለመርዳት ነበር። በኖታ የሠለጠኑት እኒያ እናት ገንዘባቸውን በቃል ለሚማሩት ሰጡ።

የቅርስ ባለሥልጣናት ቅርስን ሲቆጥሩ ሕንፃና ብራና ይቆጥራሉ። በመዝገባቸው ላይ የመምህራኑን ቀለብና የተማሪዎቹን ጎጆ ይጨምሩበት። ጌራና ራጉኤል ምልክት የሠሩት ዜማውን የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ እንደሚኖር አምነው ነው። ያ ሰው ከሌለ በቤተልሔም የሚቀረው ድጓ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።