ቁጡ መላጫና የተጠቀለለ ጺም

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ዘወር ብለን ስለ ምላጭ እናውራ። "ደግሞ ምላጭ ምን ታሪክ አለው?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ፊታችን ላይ የምናሳርፈው ነገር ነው። ለስንቱ ወንድማችን የአንገት ቁስል፣ ለአንዳንዱም የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ያዙ።

መጀመሪያ ስም እንለይ። ምላጭ የምለው ያቺን ስስ፣ በሁለቱም ጎን ስለት ያላትን፣ በወረቀት ተጠቅልላ የምትሸጠውን ነው። አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃታል፤ ለሁለት ሰብረን እርሳስ የቀረጽንባት፣ ልብስ ሰፊው ክር የሚተረትርባት እሷ ናት። መላጫ የምለው ደግሞ ምላጯ የምትታሰርበትን ባለ እጀታ ብረት ነው። መላጫ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ለስላሳ ነው፤ ምላጯን ሸፍኖ ጫፏን ብቻ ያሳያል። አንዳንዱ ግን ቁጡ ነው። በምላጯና ከሥሯ ባለው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ይላል፣ ስለቷም ወደ ቆዳው ወጣ ብላ ትቀመጣለች። ብዙዎቹ ቁጡዎች ከሥር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አላቸው። ከእነዚህ መሀል የጀርመኑ ሙህሌ አር 41 በቁጣው ስሙ የገነነ ነው። እኔም የምጠቀመው ከዚህ ወገን ነው፤ ለምን እንደሆነ ታሪኩን ስትሰሙ ይገባችኋል።

ድሮ መላጨት የባለሙያ ሥራ ነበር። ምላጩ ረጅምና የሚታጠፍ ነው፤ በድንጋይ ይሳላል፣ በቆዳ ጠፍር ይሞረዳል። ራሱን በራሱ የሚላጭ ሰው ጸጥ ያለ እጅ ያስፈልገው ነበር፤ አብዛኛው ሰው ጸጉር አስተካካይ ዘንድ ሄዶ አንገቱን ይሰጣል። በ1880 ኒውዮርክ ውስጥ ካምፕፌ የሚባሉ ወንድማማቾች ስለቱ ፊት ለፊት መከላከያ ያለው መላጫ በፓተንት አስመዘገቡ። ቆዳ ከመቁረጥ ያድናል፣ ምላጩ ግን ወፍራም ስለነበር አሁንም በየጊዜው መሳል ነበረበት። ችግሩ በግማሽ ተፈታ ማለት ነው።

ሌላውን ግማሽ የፈታው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። በ1855 ዊስኮንሲን ውስጥ ተወለደ። ስሙ "ንጉሥ" ይሁን እንጂ ቤተሰቡ በ1871 በቺካጎው ታላቅ ቃጠሎ ንብረቱን ያጣ፣ እሱም ከከተማ ከተማ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሲሸጥ ከነበረው አንዱ የጠርሙስ ቆርኪ ነው። የቆርኪው ፈልሳፊ ዊሊያም ፔይንተር፣ ሰው ተጠቅሞ የሚጥለውን፣ ተመልሶም የሚገዛውን ነገር ፈልስፍ ብሎ መከረው። የሚገርመው ጂሌት በ1894 ያሳተመው መጽሐፍ የንግድ ውድድርን የሚነቅፍ መሆኑ ነው። ምርት ሁሉ በሕዝብ በተያዘ አንድ ኩባንያ ሥር ይሁን፣ ሕዝቡም በናያጋራ ፏፏቴ ኃይል በሚንቀሳቀስ አንድ ግዙፍ ከተማ ይኑር ይላል። እንዲህ ያለ ሕልም የነበረው ሰው በዓለም ከታወቁት የንግድ ስሞች አንዱን ትቶ አለፈ።

ሐሳቡ በ1895 መጣለት፤ ምላጩ ከስስ ብረት ይሠራ፣ ሲደነዝ ይጣል። የብረት አዋቂዎች ይህን ያህል የሳሳ ብረት ጠንክሮ ሊሳል አይችልም አሉት። መንገዱን ያገኘው ኤምአይቲ የተማረው መሐንዲስ ዊሊያም ኒከርሰን ነው። ብረቱን ማጠንከሪያና መሳያ ማሽኖቹን የሠራው እሱ ሆኖ ሳለ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ ጥቂት ነው። በ1903 ሽያጭ ሲጀመር በዓመቱ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን የመላጫው ሽያጭ ከ90,000 በላይ ደረሰ፣ በኅዳር 1904ም ፓተንቱ ተሰጠ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ተረት ላርም። "ጂሌት መላጫውን በነጻ እየሰጠ በምላጩ ከበረ" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ የንግድ አስተማሪዎች ሁሉ ይሉታል። እውነቱ ሌላ ነው። መላጫው 5 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በዘመኑ የአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ሲሶ ገደማ ማለት ነው። ፓተንቱ እስከ 1921 ሲጠብቀው ዋጋውን አልቀነሰም። መላጫው በጣም የረከሰው ፓተንቱ ሲያበቃና ማንም ምላጭ ሠርቶ መሸጥ ሲችል ነው። አገር ቤት በየሱቁ ምላጭ በሳንቲም የገዛነው፣ ከብዙ አገር ፋብሪካ የመጣው፣ ያ በር ስለተከፈተ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ጦርነት መጣ። አሜሪካ በ1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ የመርዝ ጋዝ ጭንብል ፊት ላይ በደንብ እንዲገጥም ጺም መላጨት ግድ ሆነ። መንግሥት ለወታደሮቹ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል የጂሌት መላጫ ገዛ። ወጣቱ በየምሽጉ ራሱን በራሱ መላጨት ለመደ፤ ሲመለስም ልማዱን ይዞ ገባ። የተላጨ ፊት የሥርዓት፣ የንጽሕና፣ የታማኝ ሠራተኛ ምልክት ሆኖ በሰላሙ ጊዜም ቀጠለ። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ እኛ ጉዳይ የሚወስደን እሱ ነው።

የጥንቱ የጂሌት መላጫ ቁጡ ቢጤ ነበር። ጥርስ ነበረው፤ እጀታውን ትንሽ ላላ ብታደርጉት ክፍተቱ ይሰፋል፣ ብታጠብቁት ይጠባል። ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቆርጥ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። በ1938 የወጣው ቴክ የተባለው ጥርስ የለሽና ለስላሳ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ያለው፣ አንገቱን አዙረህ ቁጣውን የምትመርጥበት መላጫ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ቤት የተከራያችሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱን የመድኃኒት ሳጥን ከፍታችሁ ከኋላው ቀጭን ስንጥቅ አይታችሁ ይሆናል። ያ የምላጭ መጣያ ነው፤ ያገለገለ ምላጭ በዚያ ይገባና በግድግዳው ውስጥ ይወድቃል። በየግድግዳው ውስጥ የስንት ሰው የጠዋት ታሪክ ተከምሯል።

በ1971 ነገሩ ተለወጠ። ጂሌት ሁለት ስለት ጎን ለጎን ያለውን ትራክ ቱን አወጣ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ስለት ጺሙን ይዞ ሳብ ያደርገዋል፣ ተመልሶ ሳይገባ ሁለተኛው ይቆርጠዋል። በ1998 ሦስት ስለት ያለው ማክ 3 መጣ፣ በ2006 ደግሞ አምስት ስለት ያለው ፊውዥን ተከተለ። ማስታወቂያው ሁሉ አንድ ነገር ይላል፤ ቅርብ፣ ይበልጥ ቅርብ። አንገቱ የሚታጠፈው ፕላስቲክ ማዕዘኑን ስለሚመርጥልህ እጅህ ምንም ማሰብ የለበትም። የምላጩም ሳጥን ከሱቅ እንዳይሰረቅ በቁልፍ እስኪቀመጥ ድረስ ዋጋው ወጣ።

ጺሙ ቀጥ ላለ ሰው ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለተጠቀለለ ጺም ግን ቅርበት ራሱ ነው ጠላቱ። ጺሙ ተስቦ ሲቆረጥ ጫፉ ከቆዳ በታች ይገባል። ከዚያ ሲያድግ በተፈጥሮው ስለሚጠመዘዝ ወደ ውጭ በመውጣት ፋንታ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋል። ወይም ወጥቶ ተጠምዝዞ ተመልሶ ይገባል። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረውና ይቆጣል፤ ያብጣል፣ መግል ይይዛል፣ ጠባሳ ይተዋል። ሐኪሞች ፕሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል። የሕክምና ጽሑፎች ከጥቁር ወንዶች ከ45 እስከ 83 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል ብለው ይገምታሉ። አንገቱ ላይ ሽፍታ ያለበትን ወንድማችንን "ንጽሕና ጎድሎት ነው" የምንል ካለን እንተው። ቆሽሾ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ተላጭቶ ነው።

ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። በነብራስካ አንድ የዶሚኖስ ፒዛ ቅርንጫፍ ጺም ስለያዘ ሠራተኛውን አባረረ፤ ሰውየው ይህ ሕመም ነበረበት። በ1993 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ጺም የሚከለክለው ደንብ ጥቁር ሠራተኞችን ለይቶ ይጎዳል፣ ኩባንያውም ለሥራው የግድ እንደሚያስፈልግ አላስረዳም ብሎ ፈረደ። ደንበኛ የተላጨ ፊት ይወዳል ማለት ብቻውን አልበቃም። በዚያው ዓመት ግን ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በአትላንታ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክስ ተቃራኒውን ወሰነ፤ የመተንፈሻ ጭንብሉ ፊት ላይ መግጠም ስላለበት ደንቡ ይጽና አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በአንዱ ጭንብል አለ፣ በሌላው ያለው ልማድ ብቻ ነው።

ክርክሩ አላለቀም። በኦገስት 2025 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ታክሞ አሁንም አለመላጫ ፈቃድ የሚያስፈልገው ወታደር ከሠራዊቱ እስከ መሰናበት ሊደርስ ይችላል። እዚህ ተወልደው ወይም አድገው ዩኒፎርም የለበሱ ስንት ልጆቻችን አሉ። ሆቴል በር ላይ የሚቆሙ፣ በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ፣ በየጠዋቱ ቁስል ላይ ምላጭ የሚያሳርፉ አሉ። መብታቸውን ሳያውቁ "የሥራው ደንብ ነው" ብለው የሚችሉትን ቤት ይቁጠራቸው።

አሁን ወደ ቁጡው መላጫ ልመለስ። "ለቆጣው ቆዳ ደግሞ ቁጡ መላጫ?" ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ስለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጺሙን ስቦ የሚያዘጋጅለት ሌላ ስለት የለም። ቁጡ በመሆኑ ደግሞ የሦስት ቀን ጺም እንኳ ሳይታፈን በአንድ ምልልስ ይቆርጣል፤ ደጋግሞ መፋቅ አያስፈልግም። ከሁሉ በላይ እጅን ያስተምራል። መጫን አይቻልም፣ የብረቱ ክብደት ይበቃዋል። መላጫው ሲቆጣ እጅ ይለዝባል።

ሌሊት 10 ሰዓት ለኤርፖርት ሥራ ከመውጣቴ በፊት የማደርገው ይኸው ነው። ፊቴን በሙቅ ውሃ አለሰልሳለሁ፣ አረፋውን በብሩሽ አሻለሁ፣ ጺሙ ወደበቀለበት አቅጣጫ ብቻ በአጭር በአጭሩ አወርዳለሁ። ቆዳዬን አልወጥርም፣ ሽቅብ አልላጭም። ስጨርስ ጉንጬን ስዳስስ ትንሽ ይሻክራል፤ እዚያ ላይ አቆማለሁ። ያቺ ሻካራነት ጫፉ ከቆዳ በላይ እንዳለ ትነግረኛለች። አንገቱ አሁን የቆሰለበት ሰው ግን በዚህ አይጀምር። መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንት መላጨቱን ትቶ የቆዳ ሐኪም ይይ፣ ከዚያም በለስላሳ መላጫ ይለማመድ፤ ቁጡው ለቸኮለና እጁ ለሚከብድ ሰው አይሆንም። በማሽን ማሳጠር የሚበቃውም አለ፤ እሱም ሙሉ ሰው ነው።

አንድ የአገር ቤት ነገር ልጨምር። በኤች አይ ቪ ዘመን "ስለታማ ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ" እየተባልን ያደግን ነን። ጸጉር ቤት ገብቶ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይኑ ያላየ አይላጭም ነበር። ጂሌት ሰው እየጣለ እንዲገዛ ያሰበው ነገር እኛ ዘንድ የጥንቃቄ ትምህርት ሆነ። ዛሬም በአንድ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ በተለይ ዐረብ አገር በአንድ ክፍል ብዙ ሆናችሁ የምታድሩ ወንድሞች፣ ምላጭ አትዋዋሱ። ሄፓታይተስም በደም ይተላለፋል።

እንግዲህ የመቶ ሃያ ዓመቱ ጉዞ ይኸው ነው። ምላጩን ከባለሙያው እጅ አውጥተው ለእያንዳንዳችን ሰጡን፣ ከዚያ ደግሞ ምን ያህል ቅርብ መላጨት እንዳለብን ራሳቸው ወሰኑልን። የወሰኑት ግን የእኛን ጺም አይተው አይደለም። መቼ እንደሚበቃ የሚያውቀው የራስ እጅና የራስ ቆዳ ነው። ወንድ ልጅ የምታሳድጉ፣ ጺሙ ማብቀል ሲጀምር ይህን ንገሩት፤ ከማስታወቂያ ሳይሆን ከአባቱ፣ ከአጎቱ ይስማው። በሥራ ቦታ በጺም ምክንያት የተቸገረ ካለም የሐኪም ወረቀት ይያዝ፣ ደንቡን በጽሑፍ ይጠይቅ፣ ሕግ የሚያውቅ ያማክር።

እናንተስ በምን ትላጫላችሁ? ከሥር ጻፉልኝ፣ የሚጠቅመው ወንድም እንዲያየው አጋሩት። መልካም የሥራ ሳምንት።