የማን ልጅ ነህ? ከደብረ ብርሃን እስከ አልዩ አምባ በእግር

የታሪክ ትምህርት ሳስተምር ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ የምሰጠው አንድ የቤት ሥራ አለ፤ ይኸውም የዘር ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው በደብተር እንዲጽፉ ነው። በ2008 ዓ.ም. አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እርስዎስ ቆጥረዋል?» አለችኝ። አያቴ ያስጠኑኝን ሰባት ስም በአባታቸው በኩል ወዲያው ዘረዘርኩላት። በእናታቸው በኩል ያለውን ግን ሆን ብዬ ዘለልኩ፤ ቆጠራው እዚያ ላይ ቶሎ ይቆማልና። የእናታቸው እናት በቤታችን «የቆላዋ» ተብለው ብቻ ይጠሩ ነበር።

በዚያው ዓመት ጥር፣ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ፣ ብቻዬን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በእግሬ ተነሣሁ። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውርጩ እስኪለቅ እየጠበቅሁ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመኪና የሚሄድን ሰው ማንም አይጠይቀውም። እግረኛ ግን በየመታጠፊያው «ከወዴት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ይባላል፤ መልሱን ያወቀ እንደሆነ ማደሪያ አያጣም።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1833 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1841) የእንግሊዝን መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስን የተቀበሉት በዚህ አካባቢ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ዛሬ የሚታየው የግድግዳ ቁራሽ ነው። እኔ ግን የመጣሁት ለግድግዳው አልነበረም።

የአባቴን ወገኖች የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ስለ ዘሬ ገና ማንሣት ስጀምር፣ «ልጄ፣ መሬት ልትጠይቅ ነው?» አሉኝ። ስቄ ነበር፤ በኋላ ግን ጥያቄያቸው ትክክል መሆኑ ገባኝ። በዚህ ደጋ አገር ርስት የሚገኘው በአባትም ሆነ በእናት በኩል ከአቅኚው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር። ስለዚህ ዘር ቆጠራ የምሽት ወግ ብቻ አልነበረም፤ በዳኛ ፊት የሚቀርብ፣ ባላጋራም ሊያፈርሰው የሚሞክር ማስረጃ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ቆጠራው ይህን ሥራውን አጣ። ሽማግሌው የሚቆጥሩት እያንዳንዱ ስም ግን አሁንም ከአንድ ወንዝ ወይም ከአንድ ድንበር ጋር ተያይዞ ይመጣል። መሬት የማያስገኝ ስም እንዲህ የሚደክምበት የለም።

«የቆላዋስ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። «ከገበያ መጡ፤ እዚህ ክርስትና ተነሡ» አሉ።

በማግስቱ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈታል፤ ገብሱ ቀርቶ ማሽላው ይጀምራል፣ ካፖርቴንም አውልቄ በትከሻዬ ያዝኩት። አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚደርስባት፣ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ የሚለዋወጥባት ገበያ ነበረች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው እስላሞች ሲሆኑ አርጎባዎች ብዙ ናቸው፤ አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በዚህ ሰፈር ግን ዛሬ በአብዛኛው የሚሰማው አማርኛ ነው። በአጠገቧ በነበረው በአብዱል ረሱል ገበያ ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር።

«ከገበያ መጡ» ማለት እንግዲህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የአርጎባ ነጋዴ ልጅ ወደ ደጋ ተድረው ይሆናል፤ ወይም ከሩቅ አገር ተነድተው መጥተው በአሞሌ የተገዙ ሰው ይሆናሉ። የመጀመሪያውን መምረጥ ይቀልለኝ ነበር፤ ለቤተሰቤም ጥሩ ወሬ ይዤ እመለስ ነበር። ግን ለሁለቱም ማስረጃ አላገኘሁም። አንዲት የአርጎባ እናት ቡና አፍልተው ነገሬን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፣ «የማን ልጅ መሆናቸውን ብታጣም፣ አንተ የእሳቸው ልጅ ነህ» ብለው ሦስተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ትምህርት ሲጀመር የዘር ሐረጌን በጥቁር ሰሌዳው ላይ እንደገና ጻፍኩ፤ በአያቴ እናት በኩል «የቆላዋ» ብዬ፣ ከጎኑ ሁለቱን ግምት አስቀምጬ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ደወል ሲደወል ሁለት ተማሪዎች ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው የሚጨምሩት ነገር እንዳለ በመናገር ያስረከቡትን ደብተር መልሰው ወሰዱ።