የመቀሌ ጥቁር ድንጋይና የቅዝቃዜ ፍጥነት ሕግ፤ ታሪካዊ አመጣጡና ለትምህርት የሚሰጠው ጥቅም

መግቢያ

ስለ እሳት ወለድ ዓለቶች በሚሰጠው ትምህርት ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ሰንጠረዥ ነው። ይኸውም በምድር ውስጥ የቀዘቀዘ ዓለት ክሪስታሉ ትልቅ፣ በምድር ገጽ ላይ የቀዘቀዘው ግን ደቃቅ ነው የሚለው ነው። ሰንጠረዡ ለፈተና ይበቃል፤ ዳሩ ግን መንሥኤው የቅዝቃዜው ፍጥነት እንጂ ስፍራው ብቻውን አለመሆኑን ይሸፍናል። የሕጉ አመጣጥ ታሪክ ይህን ጉድለት ለማረም ይረዳል።

የክርክሩ መነሻ

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ ሊቃውንት በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። የጀርመኑ አብርሃም ቬርነርና ተከታዮቹ ባዛልትን የመሳሰሉ ዓለቶች በጥንታዊ ባሕር ውስጥ የተፈጠሩ ናቸው ሲሉ፣ የስኮትላንዱ ጄምስ ኸተን (1726–1797 እ.ኤ.አ.) ግን ከቀለጠ ዓለት የተገኙ መሆናቸውን አስተማረ። ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ቀልጦ የቀዘቀዘ ድንጋይ መስተዋት የሚሆን ከሆነ፣ ክሪስታል ያለው ዓለት ከእሳት ተገኘ ማለት እንዴት ይቻላል?

ሙከራው

ለመልሱ ፍንጭ የሰጠው በኤድንበርግ አጠገብ በሊዝ ከተማ የነበረ የጠርሙስ ፋብሪካ ነው። በዚያ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ቅልጥ መስተዋት ብርሃን የማያሳልፍ ድንጋይ መሰል ነገር ሆኖ ተገኘ። ይህን የተገነዘበው ሰር ጄምስ ሆል (1761–1832 እ.ኤ.አ.) በአካባቢው ዊንስቶን የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ ለማቅለጥ አሰበ። ሆኖም ወዳጁ ኸተን በትንሽ ማቅለጫ በሚታይ ነገር የምድርን ታላላቅ ሥራዎች መመዘን እንደማይገባ ያምን ስለነበር፣ ሆል የሙከራውን ውጤት ያቀረበው ኸተን ከሞተ በኋላ በ1798 እ.ኤ.አ. ነው። ያው ድንጋይ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ መስተዋት፣ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ግን ክሪስታል ያለው ዓለት ሆነ። በ1804 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግሪጎሪ ዋት ከ300 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ባዛልት አቅልጦ ለቀናት እንዲቀዘቅዝ በማድረግ፣ ከአንዱ ቅልጥ መስተዋትም ድንጋይም ሊገኝ እንደሚችል አሳየ።

ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል። ቅዝቃዜው ዝግ ሲል የሚጀምሩት የክሪስታል ፍሬዎች ጥቂት ናቸው፤ አተሞችም ወደ እነርሱ ለመድረስ ጊዜ ስለሚያገኙ ፍሬዎቹ ይተልቃሉ። ቅዝቃዜው ሲፈጥን ብዙ ፍሬዎች በአንድነት ጀምረው ደቃቅ እንደሆኑ ይቀራሉ። እጅግ ሲፈጥን ደግሞ ባልጩትን የመሰለ መስተዋት ይገኛል። ቅልጡ በውስጡ የያዘው ውኃና የንጥረ ነገሩ ዓይነትም በክሪስታሉ መጠን ላይ ድርሻ አላቸው።

የመቀሌ ምሳሌ

ሆል ያቀለጠው ዊንስቶን ከዶለራይት ወገን ነው። ሓወልቲ በሚገኝባት በመቀሌና በዙሪያዋም ይህ የዓለት ዓይነት በብዛት ይገኛል፤ በሥነ ምድር ጽሑፎችም «የመቀሌ ዶለራይት» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ከ1867 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ዊሊያም ብላንፎርድ በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአንጣሎን የኖራ ድንጋይ ለሳይንስ አስተዋውቋል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ ዓለት ይህን የኖራ ድንጋይና በላዩ ያለውን የአጉላዕ ሸል ሰንጥቆ በመግባት በንጣፍና በግድግዳ መልክ ረጋ።

እንዲህ ያለው ዓለት የሰንጠረዡን ጉድለት ይገልጣል። ቅልጡ ቀዝቃዛውን የኖራ ድንጋይ በነካበት ጠርዝ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ እንደ ባዛልት የደቀቀ ይሆናል፤ ወደ መካከሉ ሲዘለቅ ግን ፍሬው በዓይን እስከሚለይ ድረስ ይተልቃል። ጠርዙም መካከሉም የረጉት በምድር ውስጥ ነው፤ የለያያቸው የቅዝቃዜው ፍጥነት ነው።

ለአስተማሪዎችና ለዕቅድ አውጪዎች

በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በትግራይ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ከመገልገያ ዕቃ አራቁቷል። ይህን ትምህርት ለማስተማር ግን ከጠርዝና ከመካከል የተወሰዱ ሁለት የዶለራይት ስባሪዎችና አንድ አጉሊ መነጽር ይበቃሉ። አስተማሪው ሰንጠረዡን ከመስጠቱ በፊት ተማሪዎቹ ልዩነቱን አይተው ምክንያቱን እንዲፈልጉ ቢያደርግ፣ ሆል የተጓዘበትን መንገድ ራሳቸው ይጓዛሉ። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ከባሕር ማዶ ሥዕል ይልቅ የየአካባቢውን ዓለት ቢያስቀድሙ፣ ሕጉ ከቃል ጥናት ወጥቶ ተማሪው በዓይኑ የሚያረጋግጠው እውነት ይሆናል።