ፕሮጀክት ተኮር ትምህርት እና የርዕሰ መምህሩ ድርሻ

ፕሮጀክት ተኮር ትምህርት ተማሪዎች አንድን እውነተኛ ጥያቄ ይዘው ለሳምንታት የሚመረምሩበት፣ የደረሱበትንም ከክፍላቸው ውጪ ላሉ ሰዎች የሚያሳዩበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ምዕራፉ ካለቀ በኋላ ለማርክ ማሟያ ከሚታዘዝ የቡድን ሥራ የሚለየው ትምህርቱ የሚገኘው በሥራው ውስጥ በመሆኑ ነው። ዘዴው ዕድሜ ጠገብ ነው። ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በከፈቱት ትምህርት ቤት ሕፃናት ምግብ እያበሰሉና እየሸመኑ ሳይንስና ታሪክ ይማሩ ነበር። ስሙን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን ዊሊያም ኪልፓትሪክ በ1918 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው።

ታዲያ ከመቶ ዓመት በኋላም ብዙ ትምህርት ቤት ያልዘለቀው ለምንድን ነው? ጥፋቱ በመምህራን ላይ ይላከካል እንጂ ዋናው እንቅፋት የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ነው። በ40 ደቂቃ ውስጥ ተማሪው ዕቃውን ዘርግቶ ሥራ ሲጀምር ደወሉ ይደወላል። ድልድሉን መቀየር ደግሞ የርዕሰ መምህሩ ሥልጣን ነው።

በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ ከተማ፣ በቀድሞ የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ግቢ እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ሃይ ቴክ ሃይ የተባለ ትምህርት ቤት ጥሩ ማሳያ ነው። መሥራች ርዕሰ መምህሩ ላሪ ሮዘንስቶክ ሕግ ተምረው አናጺነት ያስተማሩ ሰው ናቸው። በትምህርት ቤቱ መምህራን ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት በማለዳ የሚገናኙበት ሰዓት አላቸው። አንዱ የፕሮጀክት ዕቅዱን ያቀርባል፤ ባልደረቦቹ ግልጽ ያልሆነላቸውን ይጠይቁታል። ከዚያ እሱ አፉን ዘግቶ ማስታወሻ ይይዛል፤ እነሱ ዕቅዱን ፊት ለፊቱ ይበልቱታል። ለአቅራቢው ከባድ ደቂቃዎች ናቸው፤ ድክመቱ ግን ተማሪው ጋ ከመድረሱ በፊት ይታረማል። የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሳንዲዬጎን የባሕር ወሽመጥ አጥንተው መጻሕፍት እስከማሳተም ደርሰዋል።

ሃይ ቴክ ሃይ ከባዶ የተጀመረ ነው፤ የቆየ ትምህርት ቤት ይህን እንዳለ መቅዳት አይችልም። የሚያዋጣው ፈቃደኛ መምህራንን ይዞ በአንድ የክፍል ደረጃ መጀመር፣ ሁለት ክፍለ ጊዜዎችን ማጣመር፣ ወላጆች የሚጋበዙበትን የዐውደ ርእይ ቀንም አስቀድሞ መቁረጥ ነው። ቀኑ ከተቆረጠ ሥራው አይንዛዛም።

ውጤቱ ሁሌም ያማረ አይደለም። በእንግሊዝ በ7ኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ የዘዴው ሙከራ በንባብና ጽሕፈት ግልጽ ጥቅም አላሳየም። በድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ እንዲያውም ጉዳት ሳያስከትል አልቀረም፤ ዘዴውን ከጀመሩት ትምህርት ቤቶች ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ስላቋረጡ ግን ድምዳሜው ጠንካራ አይደለም። በአሜሪካ በ2021 የወጣ ጥናት በበኩሉ በፕሮጀክት የተማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኮሌጅ ደረጃ ፈተናን የማለፍ ምጣኔ ከሌሎቹ በ8 የመቶኛ ነጥብ ያህል እንደበለጠ አሳይቷል። በአሜሪካው ጥናት በፕሮጀክት ያስተማሩት መምህራን በክረምት ሠልጥነዋል፤ ዓመቱን ሙሉም የሚያግዛቸው አሠልጣኝ ነበራቸው።