የጃፓን ሹማምንት፣ የሱፍ ልብስና ወርኃ ሐሩር

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ከጻፉልን ወዲህ፣ ያ ሕዝብ በሀገራችን ሲነሣ የአባቶቹን ሥርዐት ሳይጥል የባዕዱን ጥበብ የቀሰመ እየተባለ ይመሰገናል። ምስጋናው የሚገባው ቢሆንም፣ በሥራ ልብስ ረገድ ግን ጃፓን ራሷ የአባቶቿን ምክር ከመቶ ዓመት በላይ ዘንግታ ኖራለችና፣ ታሪኩን መመርመር ይጠቅማል።

በጥንት፣ ሄያን በሚባለው ዘመን፣ በጃፓን ቤተ መንግሥት ልብስ እንደ ወራቱ የሚለወጥበት ኮሮሞጋኤ የሚሉት ሥርዐት ነበረ፤ በአራተኛው ወር መባቻ የብርዱ ልብስ ይቀመጥና የሙቀቱ ይወጣል፣ በዐሥረኛው ወር መባቻ ደግሞ የሙቀቱ በተራው ይከተታል። ከፓስፊክ ውቅያኖስ በሚነፍሰው እርጥብ አየር ምክንያት በጁላይና በኦገስት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ ወበቁ ሰውን የሚያዝልበት ምድር ነውና፣ ስስና እጅጌ ሰፊ የሆነው የሐሩር ልብስ ነፋስ በገላ ዙሪያ እንዲመላለስ ተብሎ በማስተዋል የተሠራ ነበረ።

ነገር ግን ኃያላን መንግሥታት በ1858 ያስፈረሟት ውል እኩልነቷን ነሥቷት ስለ ነበረ፣ የሜጂ ዘመን መሪዎች ከአውሮፓ መኳንንት በምንም እንዳያንሱ በማሰብ በ1872 ባወጡት ዐዋጅ የሹማምንቱን ልብሰ ክብር በአውሮፓ አምሳል አደረጉት። ከዚያ በኋላ ኮትና ሱሪው ከቤተ መንግሥት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትም ወደ ባንክና ወደ ንግድ ቤት እየወረደ ሄዶ፣ ለሰሜን ብርድ የተሠራው ሱፍ በቶኪዮ ወበቅ ላብ ለሚያጠምቀው ጸሐፊ የማዕረግ ምልክት ሆነ። እነዚያን መሪዎች መንቀፍ አይገባም፤ የለበሱት ስለ ሀገራቸው ነጻነት ነውና። የሚያሳዝነው፣ ባዕዳን በዚያ ውል መሠረት በገዛ ዳኞቻቸው የሚዳኙበት መብት በ1899 ከተሻረ በኋላ እንኳ፣ ምክንያቱ አልፎ ግዴታው መጽናቱ ነው።

የአየር ማቀዝቀዣ መኪና በገባ ጊዜም ልብስን ለአየሩ በማስማማት ፈንታ አየሩን ለልብሱ ማስማማት ተለመደ፤ ኮት ለለበሰው ወንድ የተመጠነው ቅዝቃዜም ስስ ልብስ የለበሱትን ሴቶች ሠራተኞች ያንቀጠቅጥ ነበር። በ1979 የነዳጅ ችግር በጸና ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ማሳዮሺ ኦሂራ እጅጌው ያጠረ ኮት ለብሰው አርኣያ ሊሆኑ ቢሞክሩ ሕዝቡ አልተከተላቸውም፤ የተቆረጠው እጅጌ ክብሩን ቀንሶ ሙቀቱን ያላስቀረ ልብስ ነበረና ይመስለኛል።

የምድርን ሙቀት መጨመር ለመግታት መንግሥታት የተዋዋሉት የኪዮቶ ውል በጸናበት በ2005 ግን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ዩሪኮ ኮይኬ፣ በሐሩር ወራት የመሥሪያ ቤቶች ሙቀት 28 ዲግሪ እንዲሆን፣ ሠራተኛውም ያለ ኮትና ያለ ክራባት እንዲሠራ የሚመክረውን ዘመቻ በመሩ ጊዜ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ከሚኒስትሮቻቸው ጋር ክራባታቸውን ፈትተው በአደባባይ ታዩ። ክራባት ሠሪዎች አቤቱታ ቢያቀርቡም ነገሩ ሥር ሰደደ፤ ሚኒስቴሩም በዚያው ዓመት ወደ አየር ሳይወጣ የቀረውን የተቃጠለ አየር 460,000 ቶን ያህል ገመተው። ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ ኮቱን በማያወልቅበት ሀገር፣ የበታቹን ከመከራው ያወጣው የበላዩ አስቀድሞ ማውለቁ ነው።

ዘመቻው የተጀመረበት ጁን 1 ቀን፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች የደንብ ልብሳቸውን ወደ ሐሩር ልብስ የሚለውጡበት የዛሬው የኮሮሞጋኤ ቀን መሆኑ፣ አዲስ የተባለው ነገር ከጥንቱ ጥበብ ጋር መስማማቱን ያስረዳል። ስለዚህ በሞቃት ምድር የሚያስተዳድር ሁሉ የሥራን ክብር ከሱፍ ጋር አንድ አድርጎ አይቁጠር፤ ሹመት የሚከበረው በቅን ፍርድና በትጋት ነውና፣ ሠራተኛው ሀገሩ የሰጠውን አየር የሚስማማ ንጹሕ ልብስ ለብሶ እንዲሠራ መፍቀድ፣ ከሁሉ አስቀድሞም ራስ ለብሶ ማሳየት፣ የአለቃ ግዴታ ነው።