ተንቀሳቃሽ የበግና የፍየል መኖ መመገቢያ አሠራርና አጠቃቀም

በአብዛኛው የአገሪቱ ደጋማ አካባቢ ድርቆሽ የሚታጨደውና የሚከመረው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። የመኖ እጥረት የሚበረታው ግን ከየካቲት ወዲህ ሲሆን፣ የበልግ ዝናብ በዘገየበት ዓመት እስከ ግንቦት ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት ከክምሩ የሚወርድ እያንዳንዱ እቅፍ ድርቆሽ ለአርቢው ትልቅ ዋጋ አለው። ይሁንና መኖው መሬት ላይ ተበትኖ ሲሰጥ ከፊሉ ይረገጣል፣ ከፊሉም ከሽንትና ከበጠጥ ጋር ይቀላቀላል። በግ የቆሸሸ መኖ ይጸየፋል፤ ረሃብ ገፋፍቶት ቢበላው ደግሞ ኮክሲዲያን የመሳሰሉ የአንጀት ጥገኛ ተሐዋስያን አብረው ይገባሉ። ከዚህ በከፋ ሁኔታ ግልገሎች ይጎዳሉ።

ሌላም በቀላሉ የማይታይ ኪሳራ አለ። ከድርቆሹ በንጥረ ነገር የበለጸገው ክፍል ቅጠሉ ነው፤ ሲደርቅ ተሰባብሮ ቀድሞ የሚረግፈውም እርሱ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ የሚቀረው ተረፈ መኖ ሁሉ አገዳ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

ቋሚ ግርግም የመኖ ብክነትን ቢቀንስም፣ በክረምት ዙሪያው ጭቃ ይሆናል፤ እርጥበቱም ለሰኮና በሽታ ያጋልጣል። ከቦታ ቦታ የሚጎተት መመገቢያ ይህን ያስቀራል። በተጨማሪም በበጋ ምርቱ በተነሳበት ማሳ ላይ በየጊዜው ሲዘዋወር በጠጡ በአንድ ስፍራ ሳይከመር መሬቱን ያዳብራል።

መጠን

አንድ 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን በግ በቀን ከክብደቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል፤ ይህም ከ750 ግራም እስከ 1 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ሆኖ በሁለቱም ጎን የሚበላበት መመገቢያ ለ10 ጎልማሳ በጎች ይበቃል። ስሌቱ የተመሠረተው ለእያንዳንዱ በግ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ በመስጠት ነው። እንደ ፉርሽካና ፋጉሎ ያለ ተጨማሪ መኖ ሲቀርብ ይህን መጠን መቀነስ አይገባም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልበሉ ጉልበተኞቹ ደካሞቹን ገፍተው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ብቻ የሚቀርብ ከሆነ ግን መንጋው ተራ በተራ ስለሚበላ ይኸው መመገቢያ እስከ 20 በጎች ሊያስተናግድ ይችላል።

አሠራር

መሠረቱ ሁለት መንሸራተቻ አጣናዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ተኩል ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ኖሯቸው፣ መሬቱን ቆፍረው እንዳይገቡ ጫፎቻቸው ከታች በኩል በሰያፍ ይጠረባሉ። ጎማ መግጠም የሚመርጡ አሉ፤ ሆኖም ጎማ ዋጋው ይጨምራል፣ በጭቃም ይሰምጣል። አጣናው ተልጦ በጥላ ሥር በደንብ መድረቅ ይኖርበታል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚኮማተር ሚስማሩ ይላላል።

በመንሸራተቻዎቹ ላይ አራት የሞራሌ እግሮች ይቆማሉ። መመገቢያው ሲጎተት ጫናው ሁሉ የሚያርፈው እግርና መንሸራተቻ በሚገናኙበት ቦታ ላይ በመሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚፈታው ይህ መጋጠሚያ ነው። ሌላው በሚስማር ቢሠራም እነዚህ አራት መጋጠሚያዎች በብሎን መታሰርና በሰያፍ ደጋፊ እንጨት መጠናከር አለባቸው። ለብሎን የሚወጣው ተጨማሪ ወጪ ትንሽ ነው።

በእግሮቹ መካከል ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የጣውላ ገንዳ ይሠራል፤ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከገንዳው በላይ ከሥሩ የጠበበ፣ ወደ ላይ እየሰፋ ሄዶ አፉ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የድርቆሽ መያዣ ይቀመጣል። ቁመቱም 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የ10 በጎችን የአንድ ቀን ድርቆሽ ይይዛል። በጎቹ በዘንጎቹ መካከል ድርቆሹን እየሳቡ ሲበሉ የሚረግፈው ቅጠል በገንዳው ላይ ይጠራቀማል። መያዣው ከበጎቹ ራስ በላይ ከተሰቀለ ግን ብናኙ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል።

በዘንጎቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። 6 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አፍንጫን ብቻ ያስገባል። ከ10 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ግን አደገኛ ነው፤ ራስ ከገባ በኋላ ቀንድ ሲወጣ ይያዛል፣ እንስሳውም ሲታገል ታንቆ ሊሞት ይችላል። የቦንጋና የሆሮ በጎች ቀንድ የላቸውም፤ የመንዝ አውራ በጎችና አብዛኞቹ ፍየሎች ግን ቀንዳሞች ናቸው። 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ዘንጎች በ6 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲመቱ ለእያንዳንዱ ጎን 20 ያህል ያስፈልጋሉ። የተረፈ የሚስማር ጫፍ ሁሉ ታጥፎ መቀጥቀጥ አለበት።

ለክዳን አንድ ቆርቆሮ ይበቃል። በአንድ ወገን በማጠፊያ ከተያዘ ድርቆሽ ለመጨመር ይከፈታል፤ በሌላው ወገን ንፋስ እንዳይገለብጠው በሽቦ ይታሰራል። በገንዳው ወለል ላይም የውኃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ይህ በተለይ በዩሪያ የታከመ ገለባ ለሚመግቡ አርቢዎች አስፈላጊ ነው፤ በገንዳው ውስጥ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ዩሪያውን ስለሚያሟሟ የጠጣውን እንስሳ ሊመርዝ ይችላል።

እንጨቱን ከምስጥ ለመከላከል በሚል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በብዙ ቦታ ይታያል። ለአጥር የሚሠራ ለመመገቢያ አይሆንም፤ እንስሳት እንጨቱን ይልሳሉ፣ ያኝካሉም። ያረጀ ቀለም የተቀባ ጣውላና በኬሚካል የተነከረ የመብራት ምሰሶ ቁራጭም በተመሳሳይ ምክንያት ለዚህ ሥራ አይውሉም።

አጠቃቀም

መመገቢያው ከመጎተቱ በፊት ባዶ መሆን አለበት፤ ሁለት ሰዎች ወይም አንድ በሬ ይስቡታል። በክረምት በየሁለትና ሦስት ቀኑ ውኃ ወደማይቋጥር ቦታ ይዛወራል። ድርቆሹ ከመጨመሩ በፊት የታሰረበት ሽቦ፣ ገመድና ፌስታል ተለቅሞ መውጣት አለበት።

ጎረቤት ለጎረቤት ዕቃ መዋዋስ የተለመደ ቢሆንም፣ መመገቢያን ማዋስ በሽታንም ሊያዛውር ይችላል። ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታ የታመመ እንስሳ ከጤነኛው ጋር ሲቀራረብና በአንድ ገንዳ ሲበላ ይተላለፋል። የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ ተቅማጥና ሳል ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ከሌላ መንጋ የመጣ መመገቢያ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ ካልሆነ አገልግሎት ላይ መዋል የለበትም። ምልክቱ የታየበት አርቢ እንስሳውን ለይቶ በማቆየት ወዲያውኑ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ለበሽታው ክትባት ያለው ሲሆን፣ በአግባቡ የተከተበ እንስሳ ቢያንስ ለ3 ዓመት ይጠበቃል።

በአካባቢው ለሚገኙት የበግና የፍየል ዝርያዎች የሚስማማውን ልኬት በተመለከተ ምክር የሚፈልግ አርቢ በቀበሌው የሚገኘውን የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ወይም የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉን መጠየቅ ይችላል። ሲሄድ የመንጋውን ብዛት፣ ከመካከላቸው ቀንዳም የሆኑትን ቁጥርና የሚመግበውን የመኖ ዓይነት መዝግቦ መያዙ ሥራውን ያቃልላል።