የፋይል አይከኖች መመሳሰልና መለየት፦ የታንጎ ፕሮጀክት ልምድ ሲመዘን

የዴስክቶፕ ፋይል አይከን ሁለት ግዴታ አለበት፤ ከሌሎቹ አይከኖች ጋር በአንድ እጅ የተሣለ መምሰል፣ ከእነርሱም በአንድ እይታ መለየት። የአይከን ገጽታ አዘጋጆች ለመጀመሪያው ማድላታቸው አይገርምም፤ ውበቱ ወዲያው ይታያልና። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ተጠቃሚው በፋይሉ ላይ የሚያደርገው ነገር በሚለያይበት ሁሉ መለየት ይቅደም የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው የታንጎ ፕሮጀክት ጥሩ ማሳያ ነው። በሊኑክስ ዓለም የግኖምና የኬዲኢ ዴስክቶፖች የየራሳቸው የሥዕል ስልት ስለነበራቸው ለአንዱ የተሠራ ፕሮግራም በሌላው ላይ ባዕድ ይመስል ነበር። ታንጎ ይህን ለማስቀረት 27 የጋራ ቀለማት፣ ከላይ የሚወርድ ብርሃንና ከዕቃው ቀለም የጠቆረ ጠርዝ ደነገገ። አንድነትን በቀለም፣ በብርሃንና በመስመር ላይ አኑሮ ቅርጽን ነጻ መተዉ፣ በእኔ ግምገማ፣ ትልቁ ብልሃቱ ነው።

ከፕሮጀክቱ ጎን ለጎን የተዘጋጀው የፍሪዴስክቶፕ የአይከን ስያሜ ደንብ ለፋይል ዓይነቶች የዘረዘረው መደበኛ ስም 15 ብቻ ነው። ሲስተሙ ለፒኤንጂ ምስል የተለየ አይከን በገጽታው ውስጥ ካጣ የምስሎችን ሁሉ የወል አይከን ያሳያል። ስለዚህ አንድን አይከን አለመሣልም ውሳኔ ነው። ዚፕና ታር በአንድ የጥቅል አይከን ቢወከሉ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ተጠቃሚው ሁለቱንም የሚፈታው በአንድ መንገድ ነው። ተራ ጽሑፍና ስክሪፕት ግን አንድ ዓይነት ወረቀት ከመሰሉ ጉዳቱ ይከብዳል፤ አንደኛው የሚነበብ ነው፣ ሌላው ኮምፒውተሩን የሚያዝ። ደንቡ ለጽሑፍ፣ ለስክሪፕትና ለፕሮግራም ሦስት የተለያዩ ስሞች መስጠቱ ተገቢ ነው።

ልዩነቱ በምን ይገለጽ? ጥጉ የታጠፈ ወረቀት ሥሎ መሐሉ ላይ ምልክት ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ በ48 ፒክስል ይሠራል። በ16 ፒክስል ግን ወረቀቱ ራሱ ቦታውን ይሻማና በዝርዝር እይታ ሁሉም ነጭ አራት ማዕዘን ይሆናሉ። እዚህ ላይ ወረቀቱን ትቶ ምልክቱን ብቻ መሣል ይሻላል። ታንጎም የ16፣ የ22 እና የ32 ፒክስል አይከኖችን ለየብቻ አዘጋጅቷል፤ ትልቁን ማሳነስ አይበቃም። ቀለም ብቻውንም አያስተማምንም፤ ከሰሜን አውሮፓ ዝርያ ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራሉ። በፊደል እንጻፈው ቢባል፣ «ፒዲኤፍ» በ16 ፒክስል ስፋት ለእያንዳንዱ ፊደል የሚደርሰው 4 ፒክስል ነው፤ «ዲ»ን ከ«ዳ» የሚለየውን ቅጥል እንኳ አያሳይም።

የገጽታ አዘጋጆች ሥራቸውን በ256 ፒክስል ከመመዘናቸው በፊት ልዩ ልዩ ፋይሎች በሞሉት ፎልደር፣ በ16 ፒክስል፣ ያለ ቀለም ሊፈትኑት ይገባል። ስክሪፕቱ ከተራው ጽሑፍ ካልተለየ ገጽታው አልተጠናቀቀም።